ቁጥር የሌለው ካርድ

አንዲት ልጅ በገዛ እጇ ጽፋ ያስቀመጠችው ቃል የራሷ ይሁን የሌላ ሰው በምን ይታወቃል? ይህን ሳብሰለስል አንድ ሳምንት ሙሉ ሻዬ እየቀዘቀዘብኝ፣ የሰፋሁትን መልሼ እየተረተርኩ ሰነበትኩ። ልጄን ብጠይቀው «እማዬ፣ እሷኑ ጠይቂያታ» አለኝ። እንዴት ብዬ? ያነበብኩት ሳይፈቀድልኝ ነው።

ቤታችን ውስጥ ያለነው ሦስት ነን። እኔ ዓይኔ እስኪደክም ድረስ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ አሁንም ጎረቤት የተቀደደ ነገር ይዞ ሲመጣ እምቢ ማለት አልችልበትም። ልጄ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጮህበት ስለሚውል፣ ቤት ሲገባ ቃል ከአፉ የሚወጣው በመከራ ነው። ሦስተኛዋ የእሱ ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና አራት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ዘንድሮ ሃያ ሦስት ሞላት። እኔ ግን መንገድ ስትሻገር ባየሁ ቁጥር እጇን ልይዛት ያምረኛል። አባቷ «ለቃሚዋ» ይላታል፤ ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም።

የምትሠራው ከቤታችን አምስት ደቂቃ በማያስኬድ ላውንድሪ ውስጥ ነው፤ ልብስ ተቀባይ ናት። እዚያ ቤት እያንዳንዱ ልብስ ቁጥር የታተመበት ቢጫ ካርድ አለው። ካርዱ ለሁለት ይቀደዳል፤ ግማሹ ከልብሱ ጋር ይታሰራል፣ ግማሹ ለባለቤቱ ይሰጣል። ባለቤቱ ልብሱን ሊወስድ ሲመጣ ግማሹን ይመልሳል፤ ያ የተመለሰው ከዚያ ወዲያ ቆሻሻ ነው። የእኔዋ ግን አትጥለውም። ባለልብሱ ጠረጴዛው ጋ ቆሞ ጥሩ ነገር ከተናገረ፣ በካርዱ ጀርባ ላይ ቃሉን እንዳለ ትጽፈዋለች። ከዚያ እኔ ኮት እሰፋበት በነበረው ወፍራም ክር ሰክታ፣ ከአልጋዋ ራስጌ ምስማር ላይ ታንጠለጥለዋለች። ኪስ ውስጥ የተረሳ ወረቀት አትነካም፤ የቤቱ ደንብ አይፈቅድም። እሷ የምትለቅመው ከአፍ የወደቀውን ብቻ ነው።

«ምን ያደርግልሻል?» ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር።

«ታሪክ ልጽፍ ስቀመጥ ባዶ ወረቀት ያስፈራኛል» አለችኝ። «ከእነዚህ አንዷን ሳይ ግን ሰውየው ተመልሶ ይመጣልኛል። ከዚያ በኋላ እሱ ነው የሚነግረኝ።»

እኔ በልጅነቴ ትምህርት ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ስምንተኛን እንኳን አልጨረስኩም። ቢሆንም ጥሩ ቃል ሲያጋጥመኝ አላጣውም። አንዱ የሰጠውን ሱሪ ሊወስድ መጥቶ ለክቶ ሲያየው ወገቡ ላይ ይሽከረከራል። ልጅቷ ተሳስተን የሌላ ሰው ሰጥተንዎት ይሆን ብትለው፣ «የእኔ ነው፤ የተለወጥኩት እኔ ነኝ» አለ። ካርዱ ላይ ይኸው ብቻ ነው ያለው፤ ለእኔ ግን ስለዚያ ሰውዬ ጤና ሁለት ቀን ለመጨነቅ በቅቶኛል። አንዲት ሴት ደግሞ የወንድ ጃኬት አምጥታ «እድፉን አውጡልኝ፣ ሽታውን ግን ተዉልኝ» አለች። ሌላው ሙሉ ልብሱን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ «ከሁለት ሠርግና ከአንድ ፍርድ ቤት በቀር የትም አልወሰድኩት፤ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያው ሠርግ ያመጣው ነው» ብሎ ሁሉንም አስቋል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት አቧራ ስጠርግ ነው። አቧራ ስጠርግ እላለሁ እንጂ ክፍሏ ከእኔ ክፍል ይጸዳል። ጨርቁን የምይዘው ድንገት ሰው ከመጣ ብዬ ነው።

አንድ ሰኞ ጨርቄን ይዤ ስገባ ታዲያ ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ካርድ ብቻውን አገኘሁ። ከክሩ ጋር አልተሰካም። እንዲህ ይላል፦

«የበሩን ቁልፍ የመስኮቱ ደፍ ላይ ትቼዋለሁ። ምሳ ላይ አትጠብቁኝ።»

ገለበጥኩት። ቁጥር የለውም። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁና እንደገና አየሁት፤ ባዶ ነው። ክሩ ላይ ያሉትን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩ፤ ሁሉም ቁጥር አላቸው። ሰው የተናገረው ሁሉ ቁጥር ካለው፣ ይህ የማን ነው? ጽሕፈቱ የእሷ፣ ቤቱ የእኛ፣ መስኮቱም የእኛ። ምሳ ላይ የምትጠበቀውም እሷው ናት፤ ላውንድሪው ቅርብ ስለሆነ ሁልጊዜ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጥታ አብረን ነው የምንበላው። አልጋዋ ላይ ቁጭ አልኩ። ልትሄድ ነው አልኩ። ልትሄድ ነው፣ የምትተውልንንም ቃል እየተለማመደች ነው።

ካርዱን መርፌ ማስቀመጫ ቆርቆሮዬ ውስጥ ከተትኩት። ቃሉ ከሌለ መሄድ የሌለ መስሎኝ ነው መሰለኝ። ቀጥዬ ያደረግሁትን ልጄ እስካሁን ያነሳብኛል። ግቢው ውስጥ ያሉትን የአበባ ማሰሮዎች አንድ በአንድ ተሸክሜ የመስኮቱን ደፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላሁት። ጣት የምታስገባ ቦታ አላስቀረሁም። ልጄ ማታ ሲገባ ቆሞ ሲያይ ቆየና «እማዬ፣ መስኮቱ ከእንግዲህ በምን በኩል ነው የሚከፈተው?» አለኝ። አበቦቹ ፀሐይ ፈልገው ነው አልኩት። መስኮቱ ፀሐይ የማያገኝ መሆኑን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ጫማውን ማውለቅ ጀመረ።

ግን ደግሞ ብሳሳትስ? ቁጥሩ ሳይታተምበት ባመለጠ ካርድ ላይ ጽፋው፣ ቃሉን የተናገረው አንድ ደንበኛ ቢሆንስ? ረቡዕ ጠዋት የሆቴል አንሶላ ልታስረክብ እንደምትወጣ ስለማውቅ፣ ያንን ሰዓት ጠብቄ ዓይኔን በጨው አጥቤ ላውንድሪ ሄድኩ። ባዶ እጅ አይኬድምና የልጄን የሥራ ኮት ይዣለሁ።

ካውያ የሚይዘውን ሰውዬ «እንፋሎት» ነው የሚሉት፤ ሙሉ ቀን ጭስ መሳይ ነገር ውስጥ ቆሞ ስለሚውል ፊቱ በደንብ አይታይም። ኮቱን ተቀብሎ ወዲያና ወዲህ አገላበጠው።

«እማማ፣ ይሄ ኮት ከእኔ ይልቅ ንጹሕ ነው። ምኑን እንጠብልዎት?»

«አንገቱን።»

«አንገቱ ምን ሆነ?»

«ላብ ነው።»

አፍንጫው ጋ አስጠጋው። «ሳሙና ሳሙና ነው የሚለው። ትናንት ነው ያጠቡት ወይስ ዛሬ?»

የላውንድሪዋ ባለቤት ከውስጥ ሰምታ ወጣችና ከእሱ ገላገለችኝ፤ የኮቱን ግማሽ ካርድ ሰጥታ በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ። ነገሩን በዘወርዋራ ጀመርኩት። ሰዎች እዚህ ብዙ ነገር ይናገራሉ አይደል፣ ስለ በር ቁልፍ ወይ ስለ ምሳ የተናገረ ሰው ሰሞኑን አልነበረም ወይ አልኳት። አላስታውስም አለች። ከዚያ ተንፍሳ፣ «እሷ ብትኖር ታስታውስ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ወሩ ሲያልቅ ልትለቅብን ነው። እሷን የመሰለ ልጅ ከየት አገኛለሁ?» አለች።

የኮቱ ካርድ ከእጄ ወደቀ። ፊቴን አይታ ደነገጠች። «ውይ! አልነገረችዎትም እንዴ?»

«ነግራኛለች» አልኩ። ዋሸሁ። ደጁ ላይ ስደርስ እንፋሎት ከኋላዬ ኮቱ ዓርብ ይደርሳል፣ ካርዱን እንዳይጥሉት አለኝ፤ የወደቀውን አንስቶ በእጄ አስያዘኝ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀኖች እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። ስድስት ሰዓት ተኩል ከመድረሱ በፊት በር ላይ እቆማለሁ። መምጣቷን ሳይ ወደ ውስጥ ሮጬ ስጠብቅ እንዳልነበርኩ ሆኜ እቀመጣለሁ። እሷም አንድ ቀን የማሰሮዎቹን አበቦች ቅጠል በጣቷ ነካ አድርጋ ወደ እኔ አየች። ለልጄ መልቀቋን ስነግረው መሪውን እንደያዘ ሰው ፊት ፊቱን አየ። «ትነግረናለች» አለ። ይህን ያህል እርጋታ ከየት እንዳመጣው አልገባኝም፤ ከእኔ እንዳልወረሰው ግን እርግጠኛ ነኝ።

እሑድ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ አባቷ ሥራ ወጥቶ ሁለታችን ብቻ ነበርን። መርፌ ክር እያስገባችልኝ ሳለ ድንገት «እማምዬ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ካርድ ነበር» አለችኝ።

እጄ ላይ ያለውን ስፌት ጠጋ አድርጌ ማየት ጀመርኩ። መርፌውን ልትመልስ ቆርቆሮውን ራሷ ከፈተችው። ካርዱ ከላይ ነው ያለው።

ይወቅሱኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቀድሞ ይወቅሳል፤ እኔም ያንኑ አደረግሁ። ለአያትሽ መሄድሽን በካርድ ነው ወይ የምትነግሪያት፣ የላውንድሪዋ ሴትዮ እንኳን አውቃ እኔ ሳላውቅ፣ አራት ዓመት ሆኖሽ ሌሊት ስታለቅሺ ያዘልኩሽ ለዚህ ነው ወይ፣ ብዙ ተናገርኩ። ስጨርስ አልተቆጣችም። ካርዱን እያየች፣

«ይሄ የእኔ ቃል መሰለሽ?» አለች።

«ቁጥር የለውማ!»

ተነስታ ሄዳ ከመሳቢያዋ አንድ ክር አምጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። ከምስማሩ ክር አይተናነስም፤ እንዲያውም ይወፍራል። አንዱን ገለበጥኩ፤ ባዶ ነው። ሁለተኛው ባዶ፣ ሦስተኛውም ባዶ። አንዱም ቁጥር የለውም።

«ቁጥር የሌለው የቤት ነው» አለችኝ። «አንቺ ልብስ አስገብተሽ አታውቂም። እስከ ረቡዕ ድረስ ማለቴ ነው፤ እንፋሎት ሁሉንም ነግሮኛል።»

መነጽሬን አደረግሁና አነበብኩ። «ዝናቡ እስኪያባራ ብትቆዪ ዝናቡን ምን ይጎዳዋል?» ይላል አንዱ። «መርፌ የጠፋ ቀን በቤቱ ያለው እግር ሁሉ የእኔ ነው።» «እኔ ካልተጨነቅሁ ሐኪም ጥሩልኝ።» እነዚህን መቼ አልኩ? ሳልል አልቀረሁም፤ ድምፄ ይሰማኛል። ሥራዬን እየሠራሁ የምናገረውን ለቃቅማ አስቀምጣዋለች። መጀመሪያ አፈርኩ፤ አቤት ስንቱን ተናግሬያለሁ ብዬ። ከዚያ ግን ክሩን በእጄ ይዤ ክብደቱን ስመዝን ቆየሁ።

«ይህችኛዋ ግን የእኔ አይደለችም» አልኩ፣ ቁልፉን የምትለውን ካርድ አንስቼ። «እኔ የበር ቁልፍ መስኮት ላይ የምተው ሴት ነኝ?»

«ካቻምና ትኩሳት ይዞሽ አልጋ ላይ ሳለሽ ሦስት ቀን ደጋግመሽ ያልሽው ይህንን ነው። ግንባርሽን በእርጥብ ጨርቅ ስይዝልሽ እጄን ጨብጠሽ ‹አባባ› እያልሽ ነበር። አልጠየቅሁሽም። ሲሻልሽም አላነሳሁትም።»

ካርዱን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። የአስራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ስፌት ልማር ብዬ አባቴን ለመንኩት፤ ሌላ ከተማ የምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ ልታስተምረኝ ፈቅዳ ነበር። እምቢ አለ። አንድ ጠዋት አባቴ ሥራ ሲወጣ ጠብቄ፣ የያዝኩትን የበር ቁልፍ መስኮቱ ላይ ትቼ ወጣሁ። ወረቀት ቀድጄ፣ እርሳስ ይዤ ነበር። ምን ብዬ ልጻፍ? መኪናው ይሄድብኛል ብዬ ባዶውን ወረቀት ይዤው ሮጥኩ። መንገዱን በሙሉ ግን በልቤ ስጽፈው ነበር፤ እያሳጠርኩ፣ እያሳጠርኩ፣ መጨረሻ ላይ የቀረችው ይህችው ናት። ከዓመታት በኋላ ተመልሼ ስገባ አባቴ ተቀብሎኛል፣ አንድ ቀን እንኳን ክፉ አልተናገረኝም። የነገረችኝ እህቴ ናት። ያን ቀን አባባ ለምሳ ቤት ገብቶ፣ ትመጣለች እያለ ሳህኔን ሳያስነሳ እስኪመሽ ድረስ ሳይበላ ተቀምጦ ነበር አለችኝ። አንዲት መስመር ብጽፍለት ኖሮ ምሳውን ይበላ ነበር። ሃምሳ ምናምን ዓመት ሙሉ የምጨነቀው ለካ ስለ አንድ ምሳ ነው።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። እርሳስ አላነሳችም። ሲያቅተኝ እጄን ያዘችኝ።

ከዚያ የእሷን ነገረችኝ። በሌላ ከተማ ጀማሪ ጸሐፊዎችን ስድስት ወር የሚያስተምርና የሚያሳድር አንድ ቤት አለ፤ የሚቀበሉት አንድ ታሪክ ጽፈህ ላክ ብለው፣ እሱን አይተው ነው። ታሪኳን የትኛው ካርድ ላይ እንደምትጀምረው አንድ ወር ስታገላብጥ ከረመች። መጨረሻ ላይ የደንበኞቹን ሁሉ ትታ ይህችን መረጠች። ታሪኩ ከዚያ በኋላ ወዲያው መጣልኝ አለች። ተቀብለዋታል።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቃሉ ያንቺ ነው፤ ሳልጠይቅሽ ወሰድኩት። ደግሞም ትታመሚብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።» ቀና ብላ አየችኝ። «እማምዬ፣ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ። ከልቤ ነው። ለላውንድሪዋ ባለቤትም ነገ እነግራታለሁ።»

ቅሪ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር። እዚያ የምትተኛበት ክፍል በሩ ይቆለፋል? ሲበርዳት ማን ብርድ ልብስ ይደርብላታል? አብረዋት የሚኖሩት ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ጉንፋን የያዛት እንደሆነስ? አንድ ቃል ብቻ ብናገር ይህ ሁሉ ጥያቄ ያልቃል። ልጅቷም እውነቷን ነው፣ ትቀራለች። ታዲያ ነገ ከነገ ወዲያ ቢጫ ካርዶቿን ይዛ እዚያ ጠረጴዛ ጋ ስትቆም፣ የእኔን ቅሪ በየትኛው ካርድ ላይ ትጽፈዋለች? የእኔ አባት እምቢ ማለቱን እንጂ ሌላ ቃሉን ይዤ አልሄድኩም። ማሰሮዎቹን አየሁ። ፀሐይ አጥተው መገርጣት ጀምረዋል።

«እዚያ ምሳ ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አልኳት።

ወዲያው ገባት። ዓይኗ ሞላ። «ሰባት ሰዓት ላይ ነው» አለች።

«ይመሻል። ቁርስሽን ጠበቅ አድርገሽ ብዪ።»

ወሩ እስኪያልቅ ሥራ አልፈታሁም። የክረምት ኮቷን ተረትሬ ገበሯን በወፍራም ጨርቅ ቀየርኩት፤ ከውስጥ በኩል፣ ደረቷ ላይ፣ ለካርዶቿ የሚሆን ኪስ አወጣሁላት። ኪሱን ሁለት ጊዜ አፈረስኩት፤ አንዴ ጠበበ፣ አንዴ ደግሞ ሌባ እጁን ያስገባበታል ብዬ። የላውንድሪዋ ባለቤት ቁጥር ያልታተመባቸው ካርዶች አንድ እሽግ ላከችላት። እንፋሎት ኮቷን በእጁ ተኩሶ፣ ይህንንም እማማ ቤት አጥበውት እንዳይሆን ብዬ አሽትቼዋለሁ ብሎ መልእክት ላከብኝ።

ከመሄዷ በፊት ባለው ቀን አንድ ነገር ለመንኳት። ነገ ስትወጪ ምንም አትበዪኝ አልኳት። «የምትዪውን ሳገላብጠው ነው የምከርመው። ደህና ነው ያለችው፣ ከፍቷት ነው ያለችው፣ ድምጿ ቀጠን ብሎ ነበር እያልኩ። ታውቂኛለሽ።» ሳቀችና እሺ አለች። ይህንንም ካርድ ላይ እንደምትጽፈው ከአሳሳቋ ገባኝ፤ ተውኳት።

ጠዋት አባቷ የመጀመሪያውን ዙር ይነዳ ስለነበር፣ በራችን ፊት ካለው ፌርማታ በራሱ አውቶቡስ ወደ መናኸሪያ ሊወስዳት ተስማምተዋል። ሰዓቱ ሲደርስ የአውቶቡሱ ጥሩምባ አንዴ አጭር ሆኖ ተሰማ። ሻንጣዋን አነሳች። ኮቷን አስተካከልኩላት፣ አንገትጌዋን ቀና አደረግሁላት። ልመክራት ስንት ነገር ነበረኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። የበሩ ቁልፍ የሚሰቀልበት ምስማር ላይ ሁለት ቁልፍ አለ፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የእሷ። የእሷን አወረደች። ወደ መስኮቱ ዞራ በማሰሮ የተሞላውን ደፍ አየች። ከዚያ መዳፏን ዘርግታ ቁልፉን በደንብ እንዳየው አሳየችኝና፣ በሰፋሁላት ኪስ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ ከተተችው። ከውጭ በኩል በእጇ መታ መታ አደረገችው።

በሩን ከፈተችና ምንም ሳትል ወጣች።